ለአርባ ዓመት እግር ስንት ይከፈላል?

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ጧት ነበር። ከእኛ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቻችን ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ተመልሰን ስለ ነበር፣ የአገሩ ሰው በራሱ ቋንቋ ጽጽቃ በሚላት በሰቆጣ ከተማ ከአንድ ቤት ተሰብስበን የፓሪሱን የኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን እንከታተል ነበር። ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ሲገባ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። የሚተቃቀፈው ተቃቀፈ፣ የሚያለቅሰው አለቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ ጓደኛችን «ቀነኒሳስ?» ብሎ ጠየቀ። ቀነኒሳ በቀለ 39ኛ ሆኖ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገብቷል። ያን ጊዜ እልልታው ወደ ክርክር ተለወጠ።

አንደኛው ወገን «የላኩት ስሙን ነው እንጂ እግሩን አይደለም። አርባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው የአንድ ወጣት ቦታ ይዞ ሄደ» አለ። ሁለተኛው ወገን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። አገሪቱን ያኮራ ሰው አንድ ቀን ወደ ኋላ ቢቀር ነው ይህ ሁሉ ስድብ?» ሲል መለሰ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ፤ ቡናው ቀዘቀዘ።

በዚህ መካከል ከጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡ የነበሩ አንድ ገበሬ አባት በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለማይሰሙትም በአማርኛ ደገሙላቸው። «ልጆቼ፣ በሬ ሲያረጅ ሦስት ነገር ይደረጋል። ወይ ይታረዳል፣ ወይ ይሸጣል፣ ወይ ከወይፈን ጋር ይጠመዳል። እናንተ የምትጣሉት በየትኛው ነው?» አሉን። ሁሉም ሳቀ፤ የመለሰላቸው ግን አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ይኸው መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። አንድ ስፖርተኛ ዕድሜው ሲገፋ የሚከፈለውን ያህል ያወጣል ወይስ አያወጣም? የሚከፍለውስ ማን ነው? የኩባንያ ገንዘብና የአገር ቦታ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉን? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ የሰውየውን ሥራ በአጭሩ እናስታውስ፤ ምክንያቱም በክርክር ሙቀት የሚረሳው የታወቀው ነገር ነው። የበቆጂው ልጅ በ2004 በአቴንስ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር አገኘ። በ2008 በቤጂንግ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። በዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ውድድር በ2003፣ በ2005፣ በ2007 እና በ2009 አራት ጊዜ አሸነፈ፤ በ2009 በበርሊን የ5,000 ሜትሩንም ጨመረበት። በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር በአዋቂዎች ምድብ ብቻ በግል 11 ወርቅ አለው። በ2004 በ5,000 ሜትር ያስመዘገበው 12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ፣ በ2005 በ10,000 ሜትር ያስመዘገበው 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ፣ ዑጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 እስኪሰብራቸው ድረስ ለ16 እና ለ15 ዓመታት የዓለም ክብረ ወሰን ሆነው ቆይተዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ማራቶን የጀመረው እግሩ ከተጎዳ በኋላ ነው። በ2010 ከደረሰበት የባት ጉዳት በኋላ ወደ ቀድሞው የመም ኃይሉ ተመልሶ አያውቅም። በ2014 በፓሪስ ከተማ ማራቶን የመጀመሪያ ውድድሩን በ2:05:04 አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኩ እንደ ዋግ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲቀር ደግሞ ይደርቃል። በ2016 በርሊን ላይ በ2:03:03 አሸነፈ፤ ከጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ ብቻ ዘገየ። በ2017 በዱባይ አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት በርሊን ላይም አቋረጠ። በ2018 በአምስተርዳም አቋረጠ። በ2019 ግን፣ አለቀለት ሲባል፣ እንደ ገና በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጠ፤ ከኤልዩድ ኪፕቾጌ ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ አነሰ። በ2021 በኒው ዮርክ 6ኛ ወጣ፤ በ2023 በለንደን አቋረጠ።

እንግዲህ ገበያተኛ ሰው ይህን መዝገብ ቢያይ ምን ይላል? «አንዱ ዓመት ያርሳል፣ ሁለቱ ዓመት ይተኛል፤ እንዲህ ያለውን በሬ የሚገዛ ማን ነው?» ሊል ይችላል። ነገር ግን የገዛ ተገኘ። ለብዙ ዓመታት የናይኪን ጫማ ሲያደርግ የኖረው ቀነኒሳ በ2023፣ 41 ዓመት በሞላው ዓመት፣ አንታ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብሎ እንደ ቀለደ እናስታውሳለን። እኛም ከቀላጆቹ መካከል ነበርን፤ መደበቅ አይገባንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን በሐቅ እንይ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቫሌንሲያ 2:04:19 ሮጦ 4ኛ ወጣ፤ ይህም ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ ሰዎች ከሮጡት ሁሉ ፈጣኑ ሰዓት ነበር። በሚያዝያ 2024 በለንደን ደግሞ 2:04:15 ሮጦ የራሱን ሰዓት አሻሻለ፤ ከአሸናፊው ከኬንያዊው አሌክሳንደር ሙቲሶ በ14 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ 2ኛ ሆነ። በዓለም ትልቁ ከሚባሉት የከተማ ማራቶኖች በአንዱ፣ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ በስንት ወጣት ፊት!

የሯጭ ገቢ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት እናብራራ። አንድ ታላቅ ሯጭ ከሦስት በኩል ገንዘብ ያገኛል። አንደኛው፣ ባሸነፈ ወይም ጥሩ ሰዓት ባስመዘገበ ጊዜ የሚከፈለው ሽልማት ነው። ሁለተኛው፣ ውድድሩን የሚያዘጋጁ ሰዎች ስሙ በሰልፉ ውስጥ እንዲገኝ ብለው ገና ሳይሮጥ የሚከፍሉት ነው፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ በምስጢር ይያዛል። ሦስተኛው የጫማ ኩባንያ ውል ነው። በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሯጩ ሳይሮጥ ሲቀር ወይም ደረጃው ሲወርድ ክፍያውን የሚቀንስ አንቀጽ ይገባል። ኩባንያዎች ሞኞች አይደሉም፤ እርጅናን አስቀድመው በወረቀት ላይ ያሰሉታል።

ስለዚህ በእነዚህ በሦስቱ በኩል ያለው ጥያቄ ቀላል ነው እንላለን። ኩባንያው ቀነኒሳ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ እያወቀ ተዋዋለ። የለንደን ሰዎችም እንዲሁ። የሸጡትና የገዙት ነገር እግር ብቻ አይደለም፤ ስምም ነው፣ ትዝታም ነው፣ «ምናልባት ዛሬ እንደ ጥንቱ ይሮጥ ይሆናል» የሚለው ጉጉትም ነው። ያን ጉጉት የሚፈልግ ተመልካች እስካለ ድረስ ዋጋ አለው። ከእርሱ ውል የተነሣ ከኪሱ አንድ ሳንቲም የጎደለበት የሰቆጣ ወይም የበቆጂ ሰው የለም። በሰው ገበያ ገብቶ «ይህ ሽማግሌ ለምን ይከፈለዋል?» ማለት ምቀኝነት ነው እንጂ ዳኝነት አይደለም። እንዲያውም የአንድ ሯጭ ወርቃማ ዘመን ስንት አጭር እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው፣ በአርባ አንድ ዓመቱ ውል ያገኘውን ሰው ሊያደንቀው ይገባል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ክርክራችንን ግልጽ ለማድረግ ወደ አሜሪካ የቅርጫት ኳስ እንሂድ።

የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ቡድን ኮከብ የነበረው ኮቢ ብራያንት በሚያዝያ 2013 የቋንጃ ጅማቱ ተበጠሰ። በዚያው ዓመት በኅዳር፣ ገና ወደ ሜዳ ሳይመለስ፣ ቡድኑ የሁለት ዓመት ተጨማሪ ውል በ48.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በተመለሰበት ወቅት 6 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ እንደ ገና ተጎዳ። አዲሱ ውል በተጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት ከ82 ጨዋታ በ35ቱ ብቻ ተሰለፈ። በመጨረሻው ዓመት 66 ተጫወተ፤ ቡድኑ ግን 17 አሸንፎ 65 ተሸነፈ። ከዚያም በሚያዝያ 2016፣ በ37 ዓመቱ፣ በመጨረሻው ጨዋታ 50 ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ወርውሮ 60 ነጥብ አስቆጠረና ተሰናበተ። እስከ ዛሬ ድረስ ግማሹ ሰው «ያ አንድ ምሽት ብቻ 48 ሚሊዮኑን ያወጣል» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ቡድኑን ያደኸየው ያ ውል ነው» ይላል።

ሁለተኛው ወገን እንዲህ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ሊግ የደመወዝ ጣሪያ አለ። አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ገንዘብ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ሕግ ይገድበዋል። ስለዚህ ለአንዱ ሽማግሌ የተከፈለው ዶላር ለሌላው ወጣት ሊከፈል የማይችል ዶላር ነው። ጥያቄው «ይህ ሰው ይገባዋል ወይ?» ብቻ መሆኑ ቀርቶ «እርሱ በመያዙ ማን ቀረ?» ወደሚል ይለወጣል። እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ገበታው ሰፊ ከሆነ አንድ ሽማግሌ ቢቀመጥ ማንም አይራብም፤ ገበታው ሦስት ወንበር ብቻ ካለው ግን እያንዳንዱ ወንበር ይቆጠራል።

የጫማው ገበያ ሰፊ ገበታ ነው። የኦሎምፒክ ማራቶን ግን ለአንድ አገር የሚሰጠው ሦስት ወንበር ብቻ ነው። የጫማ ኩባንያ ትዝታን መግዛት ይችላል፤ የአገር ቡድን ግን በትዝታ ወንበር መስጠት አይችልም። በሰቆጣው ቤት የተከራከሩት ሁለቱም ወገኖች የተሳሳቱት እነዚህን ሁለት ገበታዎች አንድ አድርገው ስለ ቆጠሩ ነው።

አሁን ወደ ፓሪስ እንመለስ። በመጀመሪያ የተመረጡት ሦስት ወንዶች ሲሳይ ለማ፣ ዴሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ሲቀር፣ ውድድሩ ሲቃረብ ታምራት ተጠራ። የተጠራው ተጠባባቂ ወርቁን ይዞ ተመለሰ፤ ያውም ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2008 በቤጂንግ ያስመዘገበውን የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሽሎ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 በሲድኒ ካሸነፈ ወዲህ ለኢትዮጵያ ወንዶች የመጀመሪያው የማራቶን ወርቅ ነበር። ዴሬሳም 5ኛ ወጣ።

እልልታችንን ካበቃን በኋላ ሒሳቡን ብንሠራ ያስደነግጣል። የሲሳይ ለማ ጉዳት ባይኖር ኖሮ፣ የዚያን ቀን የዓለም ምርጥ ማራቶን ሯጭ በቤቱ ተቀምጦ እንደ እኛ በምስል ይመለከት ነበር። ሃያ አራት ዓመት የጠበቅነው ወርቅ የተገኘው በዕቅድ ሳይሆን በአንድ ወንድማችን መጎዳት ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የቀነኒሳ ነውን? አይደለም እንላለን። ከጥቂት ወራት በፊት በለንደን በ2:04:15 ሁለተኛ የወጣን ሰው «አርጅተሃልና ቅር» ማለት በምን ሕግ ይቻላል? ሰዓት ዕድሜ አይጠይቅም። ነገር ግን ሰዓት ሌላ ነገር ይደብቃል፤ ይህንንም ከሰቆጣ ሰው የበለጠ የሚያውቀው የለም። ከከተማው ወደ ተከዜ ሸለቆ ወርዶ የተመለሰ ሰው፣ በሜዳ የሚሄድበት ሰዓትና በዳገት የሚሄድበት ሰዓት አንድ እንዳልሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል።

የፓሪሱ መንገድ ዳገት ነበር። ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ወደ ቬርሳይ የሚሄድ፣ በጠቅላላው 436 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ፣ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እግር የሚሰብር አቀበት ያለበት መንገድ ነው። ለንደንና ቫሌንሲያ ግን ሜዳ ናቸው። አሁን ሁለቱን ሰዎች በዳገት መንገድ እናስተያያቸው። ኒው ዮርክ በድልድይና በአቀበት የተሞላ ማራቶን ነው። በዚያ መንገድ ላይ ታምራት በ2023 በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። በዚያው መንገድ ላይ ቀነኒሳ በ2021 የሮጠው 2:12:52 ነበር። በፓሪስስ? 2:12:24። በሁለቱ ዳገታማ ውድድሮች መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም! መልሱ ከሦስት ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር፤ ለማንበብ የፈለገ ግን አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው «ሽማግሌ አይላክ» የሚለውን አይደለም። እንዲህ ያለው ሕግ በታሪካችን ፊት ያሳፍረናል። ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ ታላቁ አበበ ቢቂላ ተጎድቶ ባቋረጠበት ውድድር ወርቁን በአገሩ እጅ ያቆየው እርሱ ነው። በ1972 በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ እንደ ገና ነሐስ አመጣ። ከሌላ አገር ብንወስድ፣ ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ በ1984 በሎስ አንጀለስ ያሸነፈው በ37 ዓመቱ ነው። የሚገርመው ደግሞ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ኤልዩድ ኪፕቾጌም በፓሪስ በ39 ዓመቱ ተሰልፎ አቋርጦ ወጥቷል። ዕድሜ ብቻውን አይፈርድም፤ ስምም ብቻውን አያድንም።

ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን ብቻም አልነበረም። በ2016 ቀነኒሳ ለሪዮ ሳይመረጥ ቀርቶ ቅሬታውን በአደባባይ ተናግሮ ነበር። በዚያ ዓመት ፈይሳ ሌሊሳ ከሪዮ ብር አመጣ፤ ቀነኒሳ ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ በርሊን ላይ 2:03:03 ሮጠ። በ2021 ለቶኪዮ በ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተመረጠ፤ ቀነኒሳ አልተሰለፈም፤ ከተላኩት ሦስት ወንዶች አንዱም ውድድሩን አልጨረሰም። በ2024 ደግሞ የሆነው ከላይ የገለጽነው ነው። በሦስት ኦሎምፒክ ሦስት ዓይነት መንገድ፣ በሦስቱም ጊዜ «ለምን እገሌ ቀረ?» የሚል ጭቅጭቅ። ሯጮቹ ይለዋወጣሉ፤ ጭቅጭቁ ግን አያረጅም።

ስለዚህ የእኛ አሳብ እንደሚከተለው ነው።

የአገር ወንበር የሚሰጥበት መስፈርት ከኦሎምፒኩ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት በጽሑፍ ይውጣ፤ ለሯጩም ለሕዝቡም ይታወቅ። በመስፈርቱ ውስጥ የመንገዱ ዓይነት ይግባ። ውድድሩ ዳገት ከሆነ በዳገት የተገኘ ውጤት፣ ሙቀት ከሆነ በሙቀት የተገኘ ውጤት ይመዘን። መስፈርቱ ዕድሜን አይጠይቅ፤ ስምንም አይጠይቅ። ያን ጊዜ የአርባ ሁለት ዓመቱ ሰው ካለፈ በክብር ይሄዳል፤ ካላለፈም ማንም ሳያዋርደው ይቀራል። መስፈርት የሌለበት ምርጫ ለወጣቱ ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌውም ጠላት ነው። ተመርጦ ቢሸነፍ «በስሙ ሄደ» ይባላል፤ ሳይመረጥ ቢቀር «ተገፋ» ይባላል። በሁለቱም በኩል የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ሁለተኛው አሳባችን ከእኒያ ገበሬ አባት የተማርነው ነው። ሦስት ነገር ይደረጋል ነበር ያሉን። ከፓሪስ በኋላ በየሻይ ቤቱ የሰማነው ስድብ ማረድ ነው። የኩባንያው ውል ሽያጭ ነው፤ ሽያጩ ነውር የለበትም፤ ቀነኒሳም በደንብ አውጥቷል። ሦስተኛው ግን፣ ከወይፈን ጋር መጥመዱ፣ በአገራችን ገና ሥርዓት ሆኖ አልተያዘም። በዋግ ገበሬ ዘንድ ወይፈን ሲገራ ብቻውን አይጠመድም፤ መሬቱን፣ ቀንበሩንና ድምፁን ከሚያውቅ አሮጌ በሬ ጎን ይጠመዳል። አሮጌው ከእንግዲህ ብዙ ላያርስ ይችላል፤ መሥመሩን ግን ያውቃል፤ ወይፈኑም ከእርሱ ይማራል። የአሮጌው ዋጋ ያን ጊዜ በራሱ ጉልበት መለካቱ ይቀርና በወይፈኑ አካሄድ ይለካል።

ሃያ ዓመት በላይ በዓለም መድረክ ሮጦ፣ ተጎድቶ፣ ተነሥቶ፣ እንደ ገና ተጎድቶ የተመለሰ ሰው የሚያውቀው ነገር በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል? በጉዳት ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ውል ሲፈረም የትኛው አንቀጽ እንደሚጎዳ፣ ገንዘብ ሲመጣ እንዴት እንደሚያዝ፣ መቼ ማቋረጥ እንደሚገባና መቼ እንደማይገባ የሚያውቅ ሰው ብዙ የለንም። ለእንዲህ ያለ ሰው አገር ልትከፍለው የሚገባው ውል ይህ ነው፤ የሚሮጥበት ወንበር ሳይሆን የሚያስተምርበት ወንበር። ይህን ስንል ክፍያው በጭብጨባና በካባ ብቻ እንዲሆን አይደለም፤ በደመወዝ፣ በጊዜ ገደብና በኃላፊነት የተጻፈ ይሁን።

ይህ ነገር ለእኛ ለዋግ ልጆች የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ሯጮቿን የምታገኘው ከደጋ ነው፤ ዋግም ደጋ አለው። በየጧቱ ዳገት ወጥቶ ወርዶ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ በአካባቢያችን ሞልቷል። ነገር ግን ሩጫ የሚጀምረው ከመም ሳይሆን ከገበታ ነው። በ2015 የኢትዮጵያ መንግሥት እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጥረት እንዳይቀጭጩ ለማድረግ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማችን ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ስማችን ለዓለም የደረሰው በረኃብ በኩል ነው። በ2020 የተነሣው ጦርነትም በላዩ ላይ አልፏል። ከእንዲህ ካለ ቦታ የሚነሣ ልጅ አንድ ቀን ሰዓት ቢያመጣ፣ ወንበሩ በመስፈርት የሚሰጥ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። ስሙን የሚያውቅለት ሰው የለውምና፣ ያለው መከላከያ የተጻፈ ሕግ ብቻ ነው። ስለ ቀነኒሳ ወንበር መከራከራችን በእውነቱ ስለዚያ ስም ስለሌለው ልጅ መከራከር ነው።

ወደ ራሳችንም ብንመለስ ጥፋት አናጣም። በየትምህርት ክፍሎቻችን የኳስ ቡድን ውስጥ፣ «ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የተጫወትኩ ነኝ» እያለ፣ ከሆዱ ጋር እየታገለ፣ አዲስ የገባውን ተማሪ ጠርዝ ላይ የሚያስቀምጥ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። በማኅበራችን ወንበሮችም ላይ ቢሆን ይኸው ነው። መምህሮቻችንም ቢሆኑ አይቀየሙን፤ ሃያ ዓመት የቆየ ማስታወሻ ይዞ የሚገባ መምህር እንዳለ ሁሉ፣ ከእርሱ በቀር ያን ትምህርት የሚያውቀው የሌለ አዛውንትም አለ። ሁለቱን በዕድሜያቸው መለየት አይቻልም፤ የሚለዩት ከጎናቸው የተጠመደው ወይፈን ሲታይ ነው።

እንግዲህ ለተነሣንበት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ቀነኒሳ በቀለ ለጫማ ሠሪውና ለለንደን ሰዎች የተከፈለውን ያህል አውጥቷል፤ ምናልባትም ትርፍ አለው። የፓሪሱን ወንበር በሜዳ ሰዓት አገኘው፤ የዳገቱ ሰዓት ግን አይፈቅድለትም ነበር፤ ያን ሳያዩ የላኩት ሰዎች ናቸው እንጂ እርሱ የሚወቀስ አይደለም። ከእንግዲህ ደግሞ አገሩ የምታዋውለው ከሆነ፣ ውሉ ከወይፈኖች ጎን የሚያቆመው ይሁን።

ክረምቱ ሲያልፍና ትምህርት ቤት ሲከፈት ከሰቆጣ ስንነሣ እኒያን አባት በመንገድ አግኝተናቸው ነበር። «ተስማማችሁ?» አሉን። «በግማሹ ተስማምተናል» አልናቸው። «ግማሹስ?» አሉ። «ግማሹን እንጽፈዋለን» አልን። ይኸው ጽፈናል። የተለየ አሳብ ያለው ተማሪም ሆነ መምህር ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።